የሐኪም ቀጠሮ በደሴ፦ ጠዋት ወይስ ከሰዓት?

ደሴ ላይ ተመላላሽ ታካሚ ቀጠሮ ሲሰጠው አብዛኛውን ጊዜ «ጠዋት አድርጉልኝ» ይላል። ምክንያት አለው። በባዶ ሆድ የሚሠራ የስኳር ምርመራ ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምግብ አለመቅመስን ይጠይቃል፤ ጾሙን እንቅልፍ ይሸፍነዋል። ውጤቱም በዚያው ቀን ሐኪሙ ጋ የመድረስ ዕድል አለው።

ችግሩ ብርዱ ነው። ከኮምቦልቻ የሚመጣውማ ያን ጠመዝማዛ ዳገት ለመውጣት በሌሊት ይነሳል። እናቴ ጋቢዋን ደርባ 12 ሰዓት ላይ ወረፋ ይዛ ታውቃለች፤ ካርድ ክፍሉ የሚከፈተው 2 ሰዓት!

ከሰዓት ፀሐይ አለ፣ ወረፋውም ሳሳ ይላል። ግን ላብራቶሪ ከታዘዘ «ነገ ተመለሱ» ሊመጣ ይችላል። ውጤት ለማሳየት ብቻ ከሆነ እኔ ከሰዓትን እመርጣለሁ። አርብ ከዋለ ግን የጁምዓን ሰዓት አስሉ።