የካፕሳይሲን ቅባት ለጉልበት ሕመም፦ ሚጥሚጣና የሸረሪት መርዝ የሚጋሩት በር

ከፋርማሲ የገዛሁት ቅባት 0.025 በመቶ ካፕሳይሲን፣ ማለትም ሚጥሚጣን የሚያቃጥል የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ይዟል፤ ይህም በሕመም ነርቮች ላይ የሚገኘውን ትሪፕ ቪ 1 (TRPV1) የተባለ፣ ሲከፈት የሕመም ስሜት የሚያስነሳ በር መሰል ፕሮቲን ይከፍታል። የአሜሪካዊው ሳይንቲስት የዴቪድ ጁልየስ ቤተ ሙከራ በ2006 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ የአንድ የምዕራብ ኢንዲስ ታራንቱላ ሸረሪት መርዝም የሚያሳምመው ይህንኑ በር በመክፈት ነው። ቃሪያውና ሸረሪቷ ጠላት የሚያባርሩበት ዘዴ አንድ መሆኑ ይደንቃል! ቅባቱ ግን በየቀኑ ሲደጋገም ነርቩን ያደነዝዘዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቃጠሎው እንቅልፍ ቢነሳኝም፣ ውሎ አድሮ ደረጃ ስወጣ የሚሰማኝ ውጋት ቀንሶልኛል። እጅን በሳሙና ሳይታጠቡ ዓይንን መንካት አደገኛ ነው፤ ሙቅ ሻወርም ቃጠሎውን ይቀሰቅሳል። የቱቦው ክዳን በደንብ ስለማይገጥም ቦርሳ ውስጥ መያዝ አይመከርም።