ፋበር ካስቴል 9000፦ ውሻውን መሳል ለሚጀምር ሰው 12ቱም እርሳስ ያስፈልጋል?

እ.ኤ.አ. በ1905 ገበያ ላይ የዋለው የጀርመኑ ፋበር ካስቴል 9000 ባለ ስድስት ጎን፣ ጥቁር አረንጓዴ እርሳስ ነው። በቆርቆሮ ሳጥን የሚሸጠው የስዕል ስብስቡ ከለስላሳው 8ቢ እስከ ጠንካራው 2ኤች 12 ፍሬ ይይዛል። የቤቱን ውሻ መሳል ሊማር ለተነሳ የድሬዳዋ ሰው እርሳሱ ገንዘቡን ያወጣል፤ 12ቱ ግን አያስፈልጉትም። በነጠላ ከተገኙ 2ኤች፣ ኤችቢ፣ 2ቢ እና 6ቢ ግዙ፤ የተረፈው ብር ለጥሩ ወረቀት ይሁን።

ግራፋይቱ፣ ማለትም የሚጽፈው ጥቁር እምብርት፣ ከእንጨቱ ጋር ከጫፍ እስከ ጫፍ በሙጫ ስለተያያዘ ሲቀረጽ እየተሰበረ አያስመርርም። ደረጃዎቹም የእውነት ይለያያሉ፤ ኤች ሸክላው በዝቶ የጠጠረ፣ ቢ ግራፋይቱ በዝቶ የለሰለሰ ነው። በረከሱ ሳጥኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ 2ቢ እና 6ቢ አንድ ዓይነት ግራጫ ስለሚሰጡ የተሳለው ጠጉር ጥልቀት ያጣል። ከድሬዳዋ ገበያዎች፣ ከከፊራም ሆነ ከታይዋን፣ ሌላ ማርካ ስትገዙ ሻጩን አስፈቅዳችሁ 2ኤች፣ ኤችቢ እና 6ቢን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሞክሩ። የእርሳሱን ጫፍም እዩት። ግራፋይቱ ከመሃል ወደ አንድ ወገን ከሸሸ በቀረጻችሁት ቁጥር ይሰበራል።

2ኤች ለንድፉ ነው። ከዓይን አትጀምሩ። ለደረቱ እንቁላል ቅርጽ፣ ለዳሌው ክብ፣ ለጭንቅላቱ ሌላ ክብ አስቀምጡና በመስመር አያይዟቸው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ፣ አንድ ዓይን ጨፍናችሁ የጭንቅላቱን ርዝመት በእርሳሱ ላይ በአውራ ጣት ያዙ፤ ከዚያ ሰውነቱ ስንት ጭንቅላት እንደሚሆን ቁጠሩ። በሰፈር ውሾቻችን አብዛኛውን ጊዜ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ዓይኖቹ መካከል ያለው ርቀት፣ ከዚያ እስከ ጭንቅላቱ የኋላ ጉብታ ካለው ጋር ይቀራረባል። ጀማሪ አፉን ያሳጥርና ፊቱን የሰው ፊት ያስመስለዋል። ዓይኑንም ነጩን አብዝቶ ይስላል፤ ውሻ ቀጥታ ሲያያችሁ ግን የሚታየው በአብዛኛው ቡናማው ነው። የኋላ እግር ላይ ወደ ኋላ የሚታጠፈውን ጉልበት አትበሉት፤ ተረከዙ ነው። ጉልበቱ ከፍ ብሎ ሆዱ አጠገብ አለ። እዚህ የተሳሳተ ውሻ ሊወድቅ ያለ ይመስላል።

የቀትር ፀሐይ ሲበረታ ውሻው ጥላ ፈልጎ ይዘረጋል፤ ለጀማሪ ይህን ያህል ጸጥ ብሎ የሚቀመጥ ሞዴል አይገኝም። ከፎቶ ከሆነ የምትስሉት፣ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ብርሃን፣ ስልኩን በውሻው ዓይን ከፍታ ይዛችሁ፣ ወደ ሁለት ሜትር ርቃችሁ አንሱ። ተጠግታችሁ ካነሳችሁ አፍንጫው ይገዝፋል።

2ኤችን አትጫኑት። ተጭናችሁ ያሰመራችሁት ወረቀቱን ይቦረቡረዋል፣ በኋላ 2ቢ ሲያልፍበት ነጭ መስመር ሆኖ ይወጣል። ለጢሙ ግን ይኸው ጉድለት ጥበብ ይሆናል፦ ጥላውን ከመጣላችሁ በፊት ቀለሙ ባለቀ እስክሪፕቶ ጢሙን ጫን አድርጋችሁ አስምሩ፣ ከዚያ 2ቢን አጋድማችሁ አስኪዱበት። ጢሙ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ጠጉሩን አንድ በአንድ መሳል ጊዜ ያባክናል። መጀመሪያ አቅጣጫውን እዩ፤ ከአፍንጫው ወደ ኋላ፣ በግንባሩ ወደ ላይ፣ በአንገቱ ወደ ታች ይሄዳል። በኤችቢ ለስላሳ ጥላ ጣሉ፣ ሸንተረሮቹን ብቻ በ2ቢ አጥቁሩ። ለቡላ ውሻ ይህ ይበቃል፤ 6ቢ የሚነካው የዓይኑን ብሌን፣ የአፍንጫውን ቀዳዳና የጆሮውን ውስጥ ብቻ ነው። በዓይኑ ላይ የሚያበራውን ነጥብ ከመጀመሪያው ነጭ ተዉት፤ በኋላ በላጲስ ቢወጣ ደብዛዛ ነው።

የሳጥኑ ድክመት የሚታየው ጥቁር ውሻ ላይ ነው። ግራፋይት ሲደራረብ ያብረቀርቃል፤ 8ቢም ቢሆን ከጎን ሲታይ ብርማ ይሆናል። በኤችቢ ጀምሩ፣ በ2ቢ ከዚያም በ6ቢ በስሱ ደርቡ፤ ትከሻውና የአፍንጫው ድልድይ ላይ ብርሃን የሚያርፍበትን ክፍት ተዉ። ድቅድቅ ጥቁር ከፈለጋችሁ ለብሌኑና ለአፍንጫው ቀዳዳ የከሰል እርሳስ ግዙ፤ ባዶ ወረቀት ላይ እንጂ በግራፋይት ላይ በደንብ አይዝም።

የድሬ ሙቀት ግራፋይቱን አይነካውም፤ ችግሩ ላብ ነው። ላብ የነካው ወረቀት ጥላውን እኩል አይቀበልም፣ መዳፍም ያሻሸዋል። ከእጃችሁ ሥር ንጹሕ ወረቀት አድርጉ፤ በቀኝ እጅ የምትስሉ ከላይ ከግራ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ።

ወረቀት ላይ አትቆጥቡ። 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት ላጲስ ሲደጋገምበት ይላጣል፣ ሦስተኛ ድርብ ጥላም አይሸከምም። ከ160 እስከ 200 ግራም የሆነ፣ ገጹ ትንሽ የሚሻክር ኤ4 ፈልጉ።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው እርሳስ ብቻ ስለሆነ ላጲስና መቅረጫ ለብቻ ይገዛሉ። ነጭ የፕላስቲክ ላጲስ ይሻላል፤ በእጅ የሚታሸው ዓይነት በሙቀት ይጣበቃል። 6ቢን መቅረጫ ውስጥ አታዙሩት፣ ጫፉ ይቆረጣል፤ እንጨቱን በምላጭ ረዘም አድርጋችሁ ግፈፉና ግራፋይቱን በብርጭቆ ወረቀት ላይ እያሽከረከራችሁ አሹሉት።