ተሽከርካሪ ወደ ጣና ደሴቶች ለምትልኩ፦ «እስከ ወደብ» የሚል ዋጋ አትቀበሉ

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው በደሴና በኮምቦልቻ ለምትኖሩ፣ በጣና ደሴቶች ላይ ዘመድ ላላችሁ ወይም ለገዳማት ስጦታ ለምታሰባስቡ ሰዎች ነው። ባለፈው ግንቦት አንድ የጭነት ባጃጅ ከኮምቦልቻ ወደ ደቅ ደሴት ለመላክ በ34,000 ብር ተዋውዬ፣ ባጃጁ ደሴቲቱ ላይ ደርሶ ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ 68,000 ብር ከኪሴ ወጥቷል። ገንዘቡ የባከነው በየብሱ ጉዞ ላይ አይደለም። ባጃጁን የጫነው መኪና የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ በደሴና በወልድያ አድርጎ፣ ከዚያም በጋሸና፣ በደብረ ታቦርና በወረታ ዞሮ ባሕር ዳር ሲገባ ባጃጁ ላይ አንዲት ጭረት እንኳ አልነበረችም። ገንዘቡም ንብረቱም የተጎዳው ከመሬት ወደ ጀልባ፣ ከጀልባ ደግሞ ወደ መሬት በሚሻገርባቸው ጥቂት ሜትሮች ላይ ሲሆን፣ ለእነዚያ ሜትሮች ኃላፊ የሚሆን ሰው በውሉ ውስጥ አልነበረም።

የባለቤቴ ቤተሰቦች የሚኖሩት ደቅ ላይ ነው። ደቅ የጣና ትልቁ ደሴት ሲሆን፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴም የሚገኘው እዚያው ነው። አማቴ በቆሎውንና ዳጉሳውን ከማሳ እስከ ጀልባ ማቆሚያ በአህያና በሰው ጀርባ ሲያመላልሱ ስለኖሩ፣ ልጆቻቸው ተዋጥተን የጭነት ባጃጅ ልንገዛላቸው ወሰንን። ባጃጁን ኮምቦልቻ የገዛነው የምናውቀው ነጋዴ ግማሹን ዋጋ በዱቤ ስለሰጠን ነው። ዛሬ ላይ ሳስበው ስህተቱ ከዚያ ይጀምራል፤ ባሕር ዳር ብንገዛው ኖሮ በዱቤ ያተረፍነው ጊዜ በጭነት ካወጣነው ወጪ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ደላላው የቀረበን ባጃጁን በገዛንበት ዕለት ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ቁልፉን ብቻ ይስጡኝ፤ እስከ ወደብ ድረስ እኔ ነኝ ኃላፊው» አለኝ። የጻፍነው ውል አንድ ገጽ የማይሞላ ሲሆን ዋናው ዐረፍተ ነገር «አንድ የጭነት ባጃጅ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ደቅ የሚሄድ፣ እስከ ወደብ ድረስ፣ ጠቅላላ ዋጋ 34,000 ብር» ይላል። 28,000 ብር በቅድሚያ ከፍዬ 6,000 ብር ሲደርስ ልከፍል ተስማማን። እኔ ይህን ሳነብ የተረዳሁት የደቅን ወደብ ነው፤ እሱ ግን በኋላ የተከራከረኝ ወደብ ማለት የባሕር ዳሩ ነው ብሎ ነው። እኛ የኮምቦልቻ ሰዎች ደግሞ በዚህ ቃል ለመታለል የተመቸን ነን፤ ደረቅ ወደብ ያለበት ከተማ ውስጥ ስለምንኖር ወደብ ሲባል ክሬን፣ ሚዛን፣ መጋዘንና ማኅተም ያለበት ግቢ ነው በዓይናችን የሚመጣው። ደቅ ላይ የጠበቀን ግን የተደረደረ ድንጋይና ጭቃ ነበር።

ባሕር ዳር ሲደርስ የባለቤቴ ወንድም ሊቀበለው ሄደ። መጀመሪያ ከመኪናው ላይ ለማውረድ 4,500 ብር ተጠየቀ፤ ማውረድ ከውሉ ውጭ ነው ተባለ። ከዚያም ጀልባ እስኪገኝ ስድስት ቀን ግቢ ውስጥ ስለቆመ በቀን 300 ብር፣ በድምሩ 1,800 ብር ተከፈለ። ስለ መዘግየቱ በስልክ ስጠይቅ ደላላው «እምቦጩ መንገዱን ዘጋው» አለኝ፤ እኔም ለሁለት ቀን ያህል አምኜው ነበር። እምቦጭ በጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ከባድ ችግር መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ አረሙ በብዛት የተንሰራፋው በሐይቁ ሰሜናዊና ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ በደምብያና በፎገራ በኩል ሲሆን፣ ባሕር ዳር ግን በደቡብ ጫፍ ነው፤ ደቅም የሚገኘው ከሐይቁ መሐል ወደ ደቡብ ገባ ብሎ ነው። በዚያው ሳምንት እህል የጫኑ ጀልባዎች ሲመላለሱ የባለቤቴ ወንድም በዓይኑ አይቷል። የዘገየው ደላላው ቀድሞ ያነጋገረው ጀልባ ስላልነበረ ብቻ ነው፤ የጀልባውን ኪራይ 14,000 ብር የከፈልነውም በመጨረሻ እኛው ነን።

የቀረበው ጀልባ ደግሞ ተሽከርካሪ ለመጫን የተሠራ አልነበረም። ተሽከርካሪ የሚያሻግር መርከብ በአፍንጫው ወይም በጭራው በኩል የሚከፈትና መሬት ላይ የሚያርፍ መወጣጫ አለው፤ ተሽከርካሪው በራሱ ጎማ ይገባል፣ ታኮ ይደረግለታል፣ የእጅ ፍሬን ይያዝና በአራቱም ማዕዘኑ ወለሉ ላይ ካለ ቀለበት ጋር ይታሰራል። የእኛው ጆንያና ማገዶ የሚጭን ተራ የእንጨት ጀልባ ነበር። ወሩም ግንቦት መሆኑ ነገሩን አባሰው፤ የጣና ውሃ ከክረምቱ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይልና በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ስለሚል፣ የጀልባው ወለል ከድንጋዩ መቆሚያ በታች በሰው ቁመት ያህል ወርዶ ነበር። ስምንት ጫኞች ሁለት የባሕር ዛፍ ሳንቃ ዘርግተው፣ የባጃጁን የኋላ አካል በሲባጎ አስረው ወደ ኋላ እየሳቡ ቁልቁል ሲለቁት፣ አንደኛው ሳንቃ ተንሸራተተና የፊት ጎማው በሁለቱ መካከል ገባ። የባለቤቴ ወንድም በስልኩ የቀረጸው ቪዲዮ ላይ የሚሰማው የእንጨቱ ድምፅ ሳይሆን ጎማውን የያዘው ብረት ሲጣመም የሚያሰማው ጩኸት ነው። ለዚህ ሥራ 3,000 ብር ተከፍሏል።

ደቅ ላይ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። ውሃው ስለሸሸ ጀልባው ዳር መድረስ አልቻለም፤ ባጃጁን በሰው ትከሻ አንሥተው ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ አሳለፉት፤ አንደኛው ስፖኪዮ ተሰበረ፣ ባትሪው ውሃ ገባበት፣ 5,000 ብር ደግሞ ለማውረጃ ተከፈለ። የጥገናው ወጪ፣ መካኒክ ከባሕር ዳር ያመጣንበትን ጨምሮ፣ 11,700 ብር ሆነ።

ካሳ ስንጠይቅ ደላላው ወደ ጀልባው ባለቤት ላከን፣ የጀልባው ባለቤት ወደ ጫኞቹ፣ ጫኞቹም «እኛ የቀን ሠራተኞች ነን» አሉ። ጀልባው የሰጠን ብቸኛ ወረቀት ላይ ደግሞ «ዕቃው በባለቤቱ ኃላፊነት ይጓዛል» የሚል መስመር ከታች በትንሹ ታትሟል። ባጃጁ የመድን ዋስትና ነበረው፤ ነገር ግን ዋስትናው በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 መሠረት ማንኛውም ባለተሽከርካሪ የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን ሲሆን፣ ይህ መድን ተሽከርካሪው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እንጂ በራሱ ላይ ለሚደርሰው አይከፍልም። ብዙዎቻችን «መድን አለው» ብለን የምንተኛው ይህን ልዩነት ሳናጣራ ነው። የምትልኩት ንብረት ዋጋ ያለው ከሆነ በጉዞ ላይ ላለ ዕቃ የሚሰጠውን ዋስትና ግዙ፤ ስትገዙም የሐይቅ ላይ ጉዞን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መጫንንና ማውረድን ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ አስመልሱ። በባሕር ጭነት ዓለም የታወቁት ሦስቱ የመድን ዓይነቶች ኤ፣ ቢ እና ሲ ሲሆኑ፣ ጠባቡ ሲ መርከቡ ቢሰምጥ፣ ቢቃጠል ወይም ይህን የመሰለ ከባድ አደጋ ቢደርስበት እንጂ ዕቃው ሲጫን ወድቆ ቢሰበር አይከፍልም፤ ቢ ደግሞ ሲጫን ወይም ሲወርድ የወደቀውን የሚክሰው ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ነው። እንደ እኛው ባጃጅ ለተጣመመ ብረት የሚጠቅመው ኤ ብቻ ነው።

የንብረቱ ጉዳት ግን ከሁሉ የከፋው አይደለም። በዚያ ጀልባ ላይ ከባጃጁ ሌላ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ ባጃጁም አልታሰረም፣ በጆንያ ብቻ ነው የተደገፈው። የጣና ነፋስ ከሰዓት በኋላ እንደሚነሣ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የእኛው ጀልባ ግን በጭነቱ ምክንያት ዘግይቶ የተነሣው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። መስከረም 10 ቀን 2011 ዓ.ም. በቪክቶሪያ ሐይቅ ከኡከረዌ ወደ ትንሿ ኡካራ ደሴት ይጓዝ የነበረው ኤም ቪ ኔሬሬ የተባለው የታንዛኒያ መርከብ፣ የተፈቀደለት 100 ያህል ሰው ሆኖ ሳለ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ሰውና ጭነት ይዞ ዳር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተገልብጦ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ያልታሰረ ባጃጅ ማዕበል ሲነሣ ወደ አንድ ጎን ከተንሸራተተ ትንሽ ጀልባን ለማዘንበል በቂ ነው። ይህን ቀድሜ አስቤው ቢሆን ኖሮ ገንዘቡም ሁሉ ቀርቶ ባጃጁን በዚያ ጀልባ አልልከውም ነበር።

ስለዚህ የምትዋዋሉ ከሆነ «ወደብ» የሚለውን ቃል ከውሉ አስወጡና በምትኩ ተሽከርካሪው በየትኛው ደሴት፣ በየትኛው ዳርቻ፣ በደረቅ መሬት ላይ በአራት ሰው ፊት እንደሚረከብ አስጽፉ። ከመኪና ማውረዱን፣ የማቆያ ቀኑን፣ ወደ ጀልባ መጫኑን፣ የጀልባውን ኪራይና ደሴቱ ላይ ማውረዱን ማን እንደሚከፍል እያንዳንዱ በስሙ ይጠቀስ፤ «ጠቅላላ ዋጋ» የሚለው አገላለጽ ለእኔ ምንም አልፈየደልኝም። የጀልባውን ፎቶግራፍና የምዝገባ ወረቀቱን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ የሀገር ውስጥ የውሃ ላይ ትራንስፖርትን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ሕጋዊ ጀልባ የሚያሳየው ወረቀት አያጣም። ተሽከርካሪውን ስታስረክቡ የሻንሲ ቁጥሩን፣ አራቱንም ጎን፣ የነዳጁን መጠን በቪዲዮ ቅረጹ፤ ነዳጁ ተቀንሶ ባትሪው ተፈትቶ ለብቻው ይጓዝ። ካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ) የሚፈታ ከሆነም አስፈቱት፤ ክብደቱ ሲቀንስ ጫኞቹም ሳንቃውም ይችሉታል።

ደረሰኝ መጠየቅን አትፈሩ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለምንገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰብን ጉዳት የመካስ መብት ሰጥቶናል። ይሁንና አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው እንጂ ለንግድ የሚገዛን አይደለም፤ ስለዚህ ባጃጁ ገቢ የሚሠራበት ከሆነ ጉዳያችሁ በዋናነት በውላችሁ ላይ ይቆማል። እኔም ለከተማው ንግድ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ስወስድ የተጠየቅሁት ቀዳሚ ነገር ይኸው ነበር፤ በእጄ የነበረው ያቺ አንድ ገጽ የማትሞላ ውልና የባንክ ማስተላለፊያ ብቻ ስለነበሩ፣ በሌሎቹ ክፍያዎች ላይ የምከራከርበት ወረቀት አልነበረኝም።

ደላላው ኮምቦልቻ ውስጥ አሁንም ይሠራል፤ ጉዳዩ ገና በሽምግልና ላይ ስለሆነ ስሙን አልጠቅስም። ባለፈው ሳምንትም ደውሎልኝ «ጋሼ፣ ባጃጁ ደቅ እየሠራ ነው አሉ፤ እንግዲህ ያቺን 6,000 ብር ይላኩልኛ» አለኝ።