«ውሃ አያስገባም» ተብሎ የሚሸጠው የደጅ መብራት፦ ከመስቀላችሁ በፊት አዳፕተሩን አገላብጡት

በዓል ሲቃረብ በቅናሽ የሚቀርብ አንድ ዓይነት የመብራት ጥቅል አለ። ብዙ መቶ ኤልኢዲ፣ ስምንት ዓይነት ብልጭታ፣ ካርቶኑ ላይ በትልልቅ ፊደል «ለደጅ፣ ውሃ አያስገባም» የሚል። ይህን ጥቅል ሳትመረምሩ አትግዙ። ገዝታችሁት ከሆነ ደግሞ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ቤት ውስጥ አብርታችሁ ፈትሹት፤ ብዙ ሰው ለበዓሉ ዋዜማ ስለሚያቆየው ጉድለቱ የሚታወቀው መመለስ ከማይቻልበት ቀን በኋላ ነው።

ማታለያው ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ «አይፒ 65» ወይም «አይፒ 44» ይላል። የመጀመሪያው አሃዝ ስለ አቧራና ጠጣር ነገር፣ ሁለተኛው ስለ ውሃ ይናገራል፤ 4 ከየአቅጣጫው የሚረጭን ውሃ፣ 5 ከቱቦ የሚወረወረውን ይችላል ማለት ነው። ቁጥሩ ውሸት ላይሆን ይችላል፣ ግን የአምፖሎቹ ብቻ ነው። አዳፕተሩን ገልብጣችሁ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ፤ «አይፒ 20» ካለ ወይም የትንሽ ቤት ሥዕል ካለበት ያ ዕቃ ለቤት ውስጥ ብቻ የተሠራ ነው። በ20 ውስጥ ያለው 0 ከውሃ ምንም መከላከያ የለውም ማለት ነው። ከአዳፕተሩ እስከ መጀመሪያው አምፖል ያለው ገመድ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ከሆነ ደግሞ አዳፕተሩን ቤት ውስጥ ማስቀረት አይቻልምና ደጅ አውጥታችሁ እንድትሰኩት ትገደዳላችሁ። ዝናቡ የሚያገኘው አምፖሉን ሳይሆን ዋናውን ኤሌክትሪክ የተሸከመውን ሳጥን ነው። ከጥቅሉ ችግሮች ሁሉ ለሰው የሚያሰጋው ይህ ነው፤ ሌላው የገንዘብ ጉዳት ነው።

ብሬከር ሲወርድ ብዙ ሻጮች «የቤታችሁ መስመር ችግር አለበት» ይላሉ። አትቀበሉ። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ የሚቆርጠው ብሬከር እንደ አገሩ ደንብ በ30 ሚሊ አምፔር ወይም በ5 ሚሊ አምፔር አካባቢ ይወርዳል፤ የወረደው ሥራውን ስለሠራ ነው። ሁሉንም ከሶኬት ንቀሉና በደረቅ ቦታ አንድ በአንድ ሰኩ። ደርቆ፣ ብቻውን ተሰክቶ የሚያወርደው ገመድ ውስጡ የተበላሸ ነው፤ አይጠገንም፣ ይመለስ። እያንዳንዱ ብቻውን ደህና ሆኖ አንድ ላይ ሲሰኩ ብቻ የሚያወርዱ ከሆነ የየገመዱ ጥቂት ጥቂት ፍሳሽ ተደምሮ ነውና በተለያዩ መስመሮች ክፈሏቸው። በአዳፕተር የሚሠራ የ12 ወይም የ24 ቮልት ገመድ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አዳፕተሩ የዋናውን መስመርና የአምፖሎቹን ወገን ስለሚለያያቸው አምፖሎቹ ጋ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ብሬከሩ ዘንድ አይደርስም። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ ብሬከሩ ከወረደ አምፖሎቹን በመፈተሽ አትድከሙ። ጥፋቱ አዳፕተሩ ውስጥ ወይም ከእርሱ በፊት ባለው የኤክስቴንሽን መገጣጠሚያ ላይ ነው።

ወደ ገመዱ እንምጣ። ጫፉን ትንሽ ላጡና ማግኔት አስጠጉበት፤ ከሳበው መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ካልሳበው ክሩን በምላጭ ፋቁት፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ልዩነቱ በቁጥር ይታያል፦ 10 ሜትር ርቀት፣ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ 3 አምፔር ሲያልፍበት ደርሶ መልስ 2.1 ቮልት ይበላል። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሲሆን ከ3 ቮልት በላይ ይበላል። ከ12 ቮልት ላይ ይህን ያህል ከጎደለ መጨረሻ ያሉት መብራቶች ይደበዝዛሉ፤ ባለብዙ ቀለም ከሆነ ነጩ ወደ ቀይ ያደላል፣ ምክንያቱም ሰማያዊውና አረንጓዴው ከቀዩ የበለጠ ቮልት ይፈልጋሉ። ሻጩ እዚህ ላይ «ትልቅ አዳፕተር ጨምሩ» ብሎ ሌላ ዕቃ ይሸጥላችኋል። የአዳፕተሩ አምፔር ቢጨምር ሽቦው ላይ የሚጠፋውን ቮልት አይመልስም። የሚረዳው ከሁለቱም ጫፍ መመገብ፣ ሽቦውን ማወፈር ወይም ከመጀመሪያው የ24 ቮልት መግዛት ነው።

የጠፋው መብራት አቀማመጥ ራሱ ብዙ ይናገራል። በ12 ቮልት ተለጣፊ ገመድ ላይ ሦስት ተከታታይ ኤልኢዲ ብቻ ከጠፋ የተበላሸችው ያቺ ክፍል ናት፤ ከመቁረጫ ምልክቱ ላይ ቆርጣችሁ ትቀጥሉታላችሁ። በሁለት ሽቦ ብቻ የሚሄድ ባለብልጭታ ገመድ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንዱ በርቶ አንዱ እየጠፋ ከሄደ ግን ገመዱ ደህና ነው፤ መቆጣጠሪያው ሳጥን ኤሌክትሪኩን ከሁለቱ አቅጣጫ በአንዱ መላክ አቁሟል። ገመዱን ጥላችሁ አዲስ እንድትገዙ የሚነግራችሁን አትስሙ።

አሮጌውና ክር ያለው አምፖል የተለየ ነው። ክሩ ሲበጠስ በሥሩ ያለች ቀጭን ሽቦ የተቋረጠውን መስመር ታገናኝና ሌሎቹ መብራታቸውን ይቀጥላሉ፤ ቮልቱ ግን በቀሩት ላይ ስለሚከፋፈል ከልክ በላይ ደምቀው ተራ በተራ ይቃጠላሉ። ስለዚህ አንድ ሲጠፋ ቶሎ፣ በዚያው ቮልት ቀይሩ። ሽጉጥ የመሰለው የመጠገኛ መሣሪያ ሥራው መስመሩን ሳታገናኝ የቀረችውን ይህችን ሽቦ በኤሌክትሪክ ምት እንድታገናኝ ማድረግ ነው። «ለማንኛውም መብራት» ተብሎ ሲሸጥ ግን ለኤልኢዲ ምንም አይፈይድም፤ ኤልኢዲ ብቻ ያላችሁ ሰዎች አትግዙት።

ፊዩዝ ስፒናው ውስጥ ካለ በዚያው ልክ ብቻ ይተካ። 3 አምፔር የሚል ከሆነ 3 ነው። ደግሞ ከተቃጠለ ወይ ከተፈቀደው በላይ ገመድ ቀጥላችኋል ወይ አንድ ቦታ ሾርት አለ። በፊዩዙ ምትክ የሲጋራ ብርማ ወረቀት መጠቅለል ቀጭኑን ገመድ ራሱን ፊዩዝ ማድረግ ነው፤ እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው። መገጣጠሚያን በናስትሮ ደራርቦ መጠቅለልም አይረዳም፤ ውሃው በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል። ይልቅ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አፉን ወደ ታች ስቀሉት፤ ከመገጣጠሚያው በፊት ገመዱን ትንሽ ወደ ታች አንጠልጥሉት፣ ጠብታው እዚያው ይወድቃል።

ለመመለስ ስትወስኑ የካርቶኑንና የአዳፕተሩን ጽሑፍ ጎን ለጎን ፎቶ አንሱ፤ ሁለቱ መጋጨታቸው በቂ ማስረጃ ነው። «አዳፕተሩን ብቻ እንቀይርላችሁ» ካሏችሁ አዲሱ ቮልቱ ከአሮጌው ጋር እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ የሚያወጣውም ኤሌክትሪክ ዓይነቱ ያው ዲሲ ወይም ኤሲ ይሁን፤ የውሃው አሃዝም ቢያንስ 4። የቤቱ ሥዕል ካለበት አትረከቡ፣ ገንዘባችሁን ጠይቁ።