ኢ-መጽሐፍ የት ይሸጥ? አማዞን ብቻ፣ ሁሉም መደብር ወይስ የራስ ገጽ

መጽሐፉ አልቋል። አርትዖቱ ተሠርቷል፣ ሽፋኑም ደርሷል። የቀረው የት ይሸጥ የሚለው ጥያቄ ነው። አሳታሚ ለሌለው ደራሲ ሦስት መንገድ አለ፤ ለአማዞን ብቻ መስጠት፣ ብዙ መደብሮች ላይ ማውጣት፣ ወይም ከራስ ገጽ በቀጥታ ለአንባቢ መሸጥ። አብዛኛው ሰው የሚያነጻጽረው መቶኛውን ነው። እኔም እንደዚያው ነበር የጀመርኩት። አሁን ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ገዢዬን የሚያውቀው ማን ነው? እኔ ወይስ መደብሩ?

ገንዘቡ

አማዞን 70 በመቶ ይከፍላል ሲባል ሰምታችኋል። እውነት ነው፣ ግን ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ሲሆን ብቻ። ከዚያ ከወረደ ወይም ካለፈ 35 በመቶ ነው። 70ውን የመረጠ ሰው ደግሞ የፋይል ማድረሻ ይቆረጥበታል፤ በአሜሪካው መደብር ለአንድ ሜጋባይት 15 ሳንቲም። ጽሑፍ ብቻ ላለው ልቦለድ ይህ ከቁጥር አይገባም። ፎቶና ሥዕል ለበዛበት መጽሐፍ ግን ጉድ ነው።

እስቲ እናስላው። ባለ 20 ሜጋባይት የፎቶ መጽሐፍ በ4.99 ዶላር ተሸጠ እንበል። 3 ዶላሩ ለማድረሻ ሄደ። ከቀረው 1.99 ላይ 70 በመቶው 1.39 ዶላር ነው። 35 በመቶውን ብትመርጡ ኖሮ ማድረሻ የሚባል ነገር የለም፤ 1.75 ዶላር ይደርሳችሁ ነበር። ትንሹ መቶኛ በለጠ ማለት ነው! ስለዚህ ፋይሉን ከመጫናችሁ በፊት ፎቶዎቹን አሳንሱ።

ያንኑ መጽሐፍ አፕል ቡክስ ወይም ኮቦ በተባሉት መደብሮች ላይ ብትሸጡት ማድረሻ ስለሌለ 3.49 ዶላር ታገኛላችሁ። ኮቦ ከ2.99 በታች ለሆነ ዋጋ 45 በመቶ ይከፍላል፣ ከዚያ በላይ 70፤ ጣሪያ የለውም። ዋጋው ከፍ ያለ የሙያ መጽሐፍ ላላችሁ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በየመደብሩ አካውንት መክፈት ከሰለቻችሁ ድራፍት ቱ ዲጂታልን የመሰለ አከፋፋይ አለ። አንድ ፋይል ትሰጡታላችሁ፣ ለሁሉም ያደርሳል፣ ከመሸጫው ዋጋ 10 በመቶ ገደማ ይወስዳል።

በቀጥታ ሽያጭስ? ከራስ ገጽ ለመሸጥ የሚያገለግለው ፔይሂፕ በነጻው ዕቅዱ 5 በመቶ ይወስዳል። ካርድ የሚያስተናግደው ድርጅት በአሜሪካ በተለምዶ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይጨምርበታል። ከ4.99ኙ ውስጥ 4.30 ገደማ ይተርፋችኋል። ችግሩ ገበያተኛ ራሱ ፈልጎ አይመጣም። ሰው ማምጣቱ፣ ፋይሉ አልከፈት ላለው መልስ መስጠቱ፣ ሁሉም የእናንተ ሥራ ነው።

ለአንዱ ብቻ መስጠት

ኬዲፒ ሴሌክት የሚባለው የአማዞን ውል 90 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ኢ-መጽሐፉን ሌላ ቦታ መሸጥ ክልክል ነው፣ የራሳችሁ ገጽ ላይም ጭምር። ወረቀቱን ግን የትም መሸጥ ትችላላችሁ። በምላሹ መጽሐፉ አንባቢ በየወሩ እየከፈለ የሚያነብበት ኪንድል አንሊሚትድ ውስጥ ይገባል፣ በ90 ቀን ውስጥም እስከ 5 ቀን በነጻ ልትሰጡት ትችላላችሁ። ክፍያው እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በተነበበ ገጽ ነው። ለአንድ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሳንቲም አይበልጥም፤ ተመኑ የሚታወቀውም ወሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ይህ የሚያዋጣቸው ደራሲዎች አሉ። የፍቅር ወይም የምናባዊ ልቦለድ ተከታታይ የሚጽፍ፣ በየጥቂት ወሩ አዲስ ክፍል የሚያወጣ ሰው እዚያ አንባቢ ያገኛል። ወርኃዊ ከፋዮች ብዙ ያነባሉ፣ የማያውቁትን ደራሲ ለመሞከርም አይፈሩም። በሁለት ዓመት አንድ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ግን ራሱን አስሮ የሚያገኘው ትንሽ ነው። ደግሞ ውሉ በራሱ ይታደሳል። በራሱ ይታደስ የሚለውን ምልክት ካላጠፋችሁ ሌላ 90 ቀን ገባችሁ ማለት ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ

የመጀመሪያ መጽሐፌ በአንድ ትልቅ መደብር በኩል ጥሩ ተሸጦ ነበር። ሁለተኛው ሲወጣ የመጀመሪያውን ለገዙት ልነግራቸው ፈለግሁ። የሽያጭ ገጹን ከፈትኩ። ግራፍ አለ። ቀን አለ። አገር አለ። አንድም ስም፣ አንድም ኢሜይል የለም። አንዷ አንባቢ ከስምንት ወር በኋላ አግኝታኝ «ሁለተኛው መቼ ነው የሚወጣው?» አለችኝ። ወጥቶ ከርሟል! ያን ቀን ሆዴ ተላወሰ። ሰዎቹ የእኔ አንባቢዎች ነበሩ፣ ደንበኝነታቸው ግን የመደብሩ ነው።

አንባቢውም ቢሆን እጁ ላይ ያለው ፈቃድ እንጂ መጽሐፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን የመብት ጥያቄ የተነሳባቸውን ልቦለዶች ከሰዎች ኪንድል (የአማዞን ማንበቢያ መሣሪያ) ላይ ከሩቅ አጥፍቷል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 የመጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ ገንዘብ መልሷል፣ መጽሐፎቹ ግን ጠፍተዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ደግሞ አማዞን የተገዛን መጽሐፍ በኮምፒውተር አውርዶ በገመድ ወደ ኪንድል የማስገባቱን አማራጭ አቋርጧል። በቀጥታ የሸጥኩት ኢፐብ የሚባለው የኢ-መጽሐፍ ፋይል ግን አንባቢው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። እኔ ብጠፋ እንኳ እሱ ጋ አለ።

እና የቱን?

ፈጣን ተከታታይ ከሆነ አንድ ዙር፣ 90 ቀን፣ ኬዲፒ ሴሌክትን ሞክሩ። ለሌላው ሁሉ እኔ የምመርጠው አማዞንንም ሌሎቹንም ያለ ገደብ መጠቀምና የራስን ገጽ ጎን ለጎን መክፈት ነው። አማዞንን ጨርሶ መተው ለጀማሪ አይመከርም፤ ብዙው ገዢ የሚፈልገው እዚያ ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ በራሳችሁ ገጽ ዋጋ ብትቀንሱ አማዞንም የእሱን ሊያወርድ ይችላል፣ የእናንተም ድርሻ አብሮ ይወርዳል።

መደብሩ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጽ ተጠቀሙበት። «ቀጣዩ ሲወጣ እንድነግራችሁ ኢሜይላችሁን ተዉልኝ» የሚል አንድ መስመርና ሊንክ ይበቃል። ለአማዞን የምትሰጡት ፋይል ውስጥ የሌላ መደብር ሊንክም ሆነ ኢሜይል ወደሚጠይቅ ቅጽ የሚወስድ ሊንክ ስለማይፈቀድ ለእሱ የተለየ ፋይል አዘጋጁ። እኔ ይህን መስመር የጨመርኩት ሦስተኛው መጽሐፌ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ ሰው ኢሜይሉን ጻፈልኝ። አሥራ አንዱንም በስም አውቃቸዋለሁ።