ሑሙስ ወይስ ቻና? ባሕር ማዶ ሽምብራ ለሚገዛ

ዱባይ ወይም ለንደን ሽምብራ ፈልጎ የወጣ ሰው ሁለት ስም ይጠብቀዋል፤ ዐረብ ሱቅ ሑሙስ፣ ሕንድ ሱቅ ቻና። ሁለቱም ሽምብራ ናቸው፤ ዓይነታቸው ግን ይለያል።

ሑሙስ፦ ነጣ፣ ተለቅ ያለው ካቡሊ ነው። ገለፈቱ ስስ ስለሆነ 8 ሰዓት ከተዘፈዘፈ ቶሎ ይበስላል። ስሙ ለተፈጨው ማባያም ስለሚያገለግል ደረቁን ፍሬ እንደሚፈልጉ ለይተው ይናገሩ።

ቻና፦ ካላ ቻና የሚሉት ትንሹና ቡናማው የኛው የጥንቱ ሽምብራ ወገን ነው። ገለፈቱ ወፍራም ነው፤ ውኃ ውስጥ ካላደረ ቶሎ አይበስልም። ለቆሎ ግን እሱን የሚያህል የለም። ካቡሊ ቻና ከተጻፈበት ያው ሑሙስ ነው። ቻና ዳል ደግሞ ክኩ ነው፤ ቱር ዳል የሚባል ሌላ ክክ ይመስለዋል፣ እሱ ግን ሽምብራ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዱቄቱ ላይ ነው። በሰን የሚባለው ከጥሬ ክክ ይፈጫል። እንዳለ ሽሮ ቢሠሩት ጥሬ ጥሬ ይላል፤ በደረቅ መጥበሻ፣ በለስላሳ እሳት፣ ሽታው እስኪለወጥ ማመስ ነው። ሳቱ የሚባለው ዱቄት ግን ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ በርበሬና ቅመም ጨምሮ ወደ ምጥን ሽሮ ማምጣት ይቻላል። ገብስ የገባበትም አለና የማሸጊያውን ጀርባ ያንብቡ።

ለንፍሮና ለሰላጣ ሑሙስ፤ ለተቻኮለ ሽሮ ሳቱ፤ ቆልቶ ራሱ ለሚፈጭ ካላ ቻና። ለሽምብራ ዓሣ በሰን ይበቃል፣ መጥበሱ ጥሬነቱን ያጠፋለታል።