ባለ ክሩ የቁርጭምጭሚት ማሰሪያ፦ ከሱቅ እስከ ሲሚንቶ ሜዳ

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ መሀል ከተማ፣ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ገብታችሁ «የቁርጭምጭሚት ማሰሪያ አለ?» ብትሉ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚወጣላችሁ እንደ ካልሲ የሚጠለቀው ላስቲክ ነው። ያሞቃል፣ እብጠትን ትንሽ ያዝ ያደርጋል፣ ለለባሹም «ታስሬያለሁ» የሚል ድፍረት ይሰጠዋል። ችግሩ እሱ ድፍረት ላይ ነው። ቅርጫት ስር ዘሎ ሰው እግር ላይ የሚያርፍን ተጫዋች ላስቲኩ አያድነውም። እዚህ የሚገመገመው ሌላው ነው፦ እንደ ጫማ በክር የሚጠብቀው፣ ከክሩም በላይ ሁለት የማይለጠጡ ቀበቶዎች እግሩን አቋርጠው የሚያስሩት። ሻጩ ከኋላ መደርደሪያ ፈልጎ እስኪያመጣው መጠበቅ ያስፈልግ ይሆናል፤ ጠብቁት።

ልዩነቱ የሚገባው ወለምታ እንዴት እንደሚመጣ ሲታይ ነው። ተጫዋቹ ከአየር ሲወርድ ጣቶቹ ወደ ታች አዘቅዝቀዋል፤ በዚህ ጊዜ ቁርጭምጭሚት በጣም ልል ነው። የእግሩ ውጪኛ ጠርዝ ቀድሞ መሬት ወይም የሰው ጫማ ሲነካ እግሩ ወደ ውስጥ ይገለበጣል፣ የሰውነቱ ክብደት በሙሉ ይከተለዋል። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ከውጪኛው አጥንት ወደ ፊት የሚሄደው አጭር ጅማት ነው። ነገሩ በጣም ፈጣን ስለሆነ ጡንቻው ነቅቶ «ቁም» እስኪለው አይጠብቅም። ላስቲክ አብሮ ይለጠጣል። የማይለጠጥ ቀበቶ ግን እግሩ ገና መገልበጥ ሲጀምር ይወጠርና የመጨረሻዋን አደገኛ ጥምዘዛ ይቀንሳል። ሥራው ይኸው ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም።

ስለዚህ ዕቃ ሲወራ የኤንቢኤው ቅርጫት ኳስ ተጫዋች የስቴፈን ከሪ ስም መነሳቱ አይቀርም፤ በትክክል ከተነሳም ጥሩ ምሳሌ ነው። ከሪ በቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ደጋግሞ በመጎዳቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ቀዶ ሕክምና አደረገ። በ2011-12 የውድድር ዘመን መጫወት የቻለው 26 ጨዋታ ብቻ ሲሆን በ2012 እንደገና ሐኪም ፊት ቀረበ። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከተፈራው ቀለል ብሎ መገጣጠሚያውን በማጽዳት አለቀ። ያኔ «ይህ ልጅ አለቀለት» ያለው ብዙ ነበር፤ የ4 ዓመት የ44 ሚሊዮን ዶላር ውሉም ለዚያ ደረጃ ተጫዋች ርካሽ የሆነው በቁርጭምጭሚቱ ምክንያት ነው። በቀጣዩ ዘመን 78 ጨዋታ ተጫውቶ 272 ሦስት ነጥቦችን አስቆጠረ፣ በወቅቱ ክብረ ወሰን ነበር። በ2015-16 ደግሞ 79 ጨዋታና 402 ሦስት ነጥብ። በእነዚህ ዓመታት ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠንካራ ማሰሪያ ይታይ ነበር፤ ዛምስት የተባለው የጃፓን ምርት ነው፣ ባለ ክሩ ሳይሆን በቀበቶ ብቻ የሚታሰረው።

ማስታወቂያ የማይነግራችሁ ግን ሌላው ግማሽ ነው። የከሪ ቡድን የጎልደን ስቴት የአካል ብቃት ባለሙያ የነበረው ኬኬ ላይልስ ከከሪ ጋር ሲሠራ ትኩረቱ ዳሌ ላይ ነበር፦ ሲቆም፣ ሲዞርና ሲያርፍ ኃይሉን ከዳሌና ከመቀመጫ ጡንቻ እንዲያመጣ፣ ቁርጭምጭሚቱ ብቻውን እንዳይሸከም። ክብደት ከመሬት ማንሳትም የዚሁ አካል ነበር። ማሰሪያውን ገዝቶ ዳሌውን የረሳ የገዛው የከሪን ግማሽ ነው።

በተራ ተጫዋች ላይስ ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ በ1,460 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ላይ የተካሄደ ጥናት ባለ ክሩን ማሰሪያ ነው የፈተነው። ካሰሩት ዘንድ የቁርጭምጭሚት ጉዳት በየ1,000 ልምምድና ጨዋታ 0.47 ሲሆን ካላሰሩት ዘንድ 1.41 ነበር፣ አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። ቀድሞ ተጎድተው የነበሩትም ያልነበሩትም ከማሰሪያው ጥቅም አግኝተዋል። የጉዳቱ ክብደት ግን አልቀነሰም፤ አስሮም የተጎዳ ሰው እንደሌላው ሰው ነው የተጎዳው። ማሰሪያው ወለምታውን የሚያቀልል ሳይሆን የሚመጣበትን ጊዜ ብዛት የሚቀንስ ነው።

ሱቅ ላይ ስትመርጡ ስሙን ከማንበብ በፊት ቀበቶውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ጎትቱት። ከተለጠጠ መልሱት፤ ክር የተገጠመለት ላስቲክ ነው። ቀጥሎ ስፌቱን እዩ፦ ቀበቶው ከአካሉ ጋር የተገናኘበት ቦታ ቢያንስ በእጥፍ ወይም በመስቀለኛ መሰፋት አለበት፣ ነጠላ ስፌት ከሆነ ቀድሞ የሚተረተረው እዚያ ነው። ሦስተኛ፣ የግራና ቀኝ ጎኑን ዳብሱ። ጥሩው ኪስ ውስጥ የገባ ስስ ፕላስቲክ አለው፤ በርካሹ ፕላስቲኩ በቀጥታ ስለተሰፋ በሳምንታት ውስጥ ጫፉ ጨርቁን ቀዶ ቆዳ ይበላል። ምላሱ ለስላሳ፣ ተረከዙ ክፍት ይሁን። የክር ቀዳዳው ብረት ካለው መልካም፤ ከሌለው ዙሪያው በደንብ የተዘመዘመ መሆኑን አረጋግጡ።

ቁጥር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «42 ነው የማደርገው» ብሎ በጫማ ቁጥር መግዛት የሚሠራው ካርቶኑ ራሱ በጫማ ቁጥር ሲመድብ ብቻ ነው። ብዙዎቹ የሚለኩት በዙሪያ ነው፦ እግር መሬት ላይ በቀጥታ ቆሞ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ከፊት ከእግር መታጠፊያ ተነስቶ በተረከዙ ዳር ዞሮ ይመለሳል። ያንን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ሠንጠረዥ ጋር አስተያዩ። በብዙዎቹ በአንድ ቁጥርና በቀጣዩ መሀል ያለው ልዩነት 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በግምት አይያዝም። እብጠት ያለበትን እግር አትለኩ፤ ሲጎድል ይሰፋባችኋል። ድንበር ላይ ካረፋችሁ ትንሹን ውሰዱ፣ ጨርቁ ሲሠራበት ይላላልና። ጫማችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፦ ማሰሪያው ቦታ ስለሚወስድ ጠባብ ጫማ ውስጥ ጣት ይደነዝዛል። የጫማውን ውስጠኛ ንጣፍ ማውጣት አንዳንዴ ይበቃል፣ ካልበቃ ግማሽ ቁጥር ከፍ ያለ ጫማ ያስፈልጋል።

አስተሳሰሩ ላይ እንቆይ፤ ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» የሚለው እዚህ ተሳስቶ ነውና። ከጉልበት በታች በግማሽ የሚደርስ ካልሲ አድርጉና ሽብሽቡን አቅኑ፤ በባዶ እግር ማሰር ቆዳ ይልጣል። ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ወደ ኋላ ግፉ፣ እግራችሁን 90 ዲግሪ ያዙ። ጣት ወደ ታች ዘርግቶ ያሰረ ሰው ሲቆም ሁሉም ይላላበታል። ክሩን ከታች ጀምራችሁ በየቀዳዳው አጥብቁ፤ ላይኛዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች ላይ ግን ትንሽ ልቀቁ፣ አለበለዚያ ከተረከዝ በላይ ያለው ትልቁ ጅማት ይፈገፈጋል። ከዚያ ቀበቶዎቹ፦ መጀመሪያ በውስጥ በኩል የሚነሳው፣ በመጨረሻ በውጪ በኩል የሚነሳው። ይህ የመጨረሻው እግሩን ከላይ አቋርጦ ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ በእግር ቅስት ስር ያልፋል፣ በውጪ በኩል ወደ ላይ ተጎትቶ ይለጠፋል። የውጪውን ጠርዝ ወደ ላይ የሚይዘው እሱ ስለሆነ ጠንከር አድርጋችሁ ጎትቱት። ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ከዚህ የተለየ ከሆነ ሥዕሉን ተከተሉ። በመጨረሻ የላይኛው መቀነት ሁሉንም ይሸፍናል።

አሁን የአውራ ጣት ጥፍር ተጫኑና ልቀቁ። ቀለሙ በ2 ሰከንድ ካልተመለሰ ወይም ጣት ከቀዘቀዘ ጠብቋል። ሰውነት ካሟሟቃችሁ በኋላ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ክሩን እንደገና አጥብቁ። ይህን የማያደርግ ተጫዋች ሁለተኛው ሩብ ላይ ያሰረው ማሰሪያ ሳይሆን ጌጥ ነው።

ጉድለቱም አለ። ላብ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይሸታል። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ እንደ ጠላቂ ልብስ ወፍራም ከሆነ የጎማ ጨርቅ የተሠራው አይመከርም፤ ስስ ናይለኑን ምረጡ። ደሴ ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው፦ ክረምት ላይ ዝናቡና ጉሙ ስለማያደርቁት እርጥቡን ቦርሳ ውስጥ የተወ ሰው በማግስቱ ሻጋታ ያገኛል። በለብታ ውሃና በተራ ሳሙና በእጅ እጠቡት፣ በረኪና አታስነኩት፣ ቤት ውስጥ ንፋስ በሚያገኝበት ስቀሉት። ከሰል ምድጃ ዳር ማድረቅ ለምዶብን ይሆናል፤ ተለጣፊውን ያኮማትራል፣ ፕላስቲኩንም ያጣምማል። ከመታጠቡ በፊት ተለጣፊዎቹ ተዘግተው ይሁኑ። ጥርሳቸው በካልሲ ብናኝ ክርና በአቧራ ሲሞላ መያዝ ያቆማሉ፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጸዳሉ።

ቴፕ ይሻላል የሚል ክርክር አለ። ለአንድ ጨዋታ፣ በሚያውቅ እጅ ከታሰረ ቴፕ አይናቅም። ግን በላብና በሩጫ በ20 ደቂቃ ገደማ ይላላል፣ አንድ ጥቅል ሁለት እግር ቢያዳርስ ነው፣ ነገ እንደገና ይገዛል። የትምህርት ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲ ቡድን 12 ልጅ ይዞ በየሳምንቱ ቴፕ ከሚገዛ አንዴ ማሰሪያ ቢገዛ ያዋጣዋል። በሁለቱ ጎን ደረቅ ፕላስቲክ ያለው ሌላው ዓይነት ደግሞ ለከባድ ወለምታ የመጀመሪያ ሳምንታት ይውላል፤ ለጨዋታ የተሠራም አለ።

ወሎ ውስጥ ወለም ሲል እግር መጀመሪያ ወደ ወጌሻ ነው የሚያመራው። ልምድ ያለው ወጌሻ ክብር ይገባዋል፤ ነገር ግን ትኩስ ወለምታ ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ከ2 እስከ 3 ቀናት፣ በቅቤ አጥብቆ ማሸት ውስጥ ያለውን ደም ያበዛዋል፣ አጥንቱ ተሰብሮ ከሆነም ያናውጠዋል። ከማንም በፊት ይህን ፈትሹ፦ የውጪው ወይም የውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ጫፍና የኋላ ጠርዝ፣ እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ ሲጫኑት ያማል? በትንሿ ጣት በኩል የእግሩ መሀል ላይ ያለው ጉብታ፣ ወይም በውስጥ በኩል ከቅስቱ በላይ ያለው አጥንት ሲነካ ያማል? አራት እርምጃ መራመድ አይቻልም? አንዱም «አዎ» ከሆነ ራጅ ይቀድማል። ካልሆነ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ 15 ደቂቃ፣ ከአቦል እስከ ቶና ያለው ጊዜ ይበቃል፤ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ልል አስሮ ማረፍ። ባለ ክሩ ማሰሪያ የሚመጣው ተጫዋቹ ሳያነክስ መራመድ ሲጀምር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ዕቃ አይገዛውም። የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጣችሁ አንዱን ጫፍ የጠረጴዛ እግር ላይ እሰሩ፣ ሌላውን በእግር ውጪኛ ጠርዝ ይዛችሁ ወደ ውጪ ግፉ፦ በ3 ዙር 15 ጊዜ፣ ቀስ ብሎ እየመለሱ። በአንድ እግር ቆሞ 30 ሰከንድ ሚዛን መጠበቅ፣ ሲለምድ ኳስ እየተቀባበሉ፣ ከዚያ የታጠፈ ፍራሽ ላይ። በአንድ እግር ተረከዝ ማንሳት 20 ጊዜ እስኪደርስ። ሜዳ የሚመለሱበት መለኪያ ህመሙ መጥፋቱ ብቻ አይደለም። ግድግዳ ፊት ቆማችሁ ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበታችሁን ግድግዳ ስታስነኩ፣ የሁለቱ እግሮች ጣት ከግድግዳ ያለው ርቀት ልዩነት ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ገና ናችሁ። በተጎዳው እግር ወደ ጎን መዝለልም ያለ ፍርሃት መቻል አለበት።

ለማን ይገዛ? ባለፈው አንድ ዓመት ወለም ያለው ተጫዋች ያለ ጥያቄ ይግዛ፤ ለልምምድም ለጨዋታም ቢያንስ 6 ወር ይሰር። ተጎድቶ የማያውቅ ግን ቅርጫት ስር የሚታገል ረጅም ልጅም ቢያስር ይጠቅመዋል። «ካሰርኩ እግሬ ይሰንፋል» የሚለው ወሬ ለጨዋታ ሰዓት አያሠጋም፤ ቀኑን ሙሉ፣ ገበያም ቤትም አድርጎ መዋል ግን ሥራው አይደለም። ጉልበቱን ወይም ከተረከዝ በላይ ያለውን ጅማት የሚያመው ሰው አይግዛው፣ ለዚያ አይረዳውም።

በሳምንት ሦስት ቀን የሚጫወት ሰው በየወሩ መጀመሪያ ቀበቶውን እንደ ሱቁ ቀን ይጎትተው። መለጠጥ ከጀመረ፣ ወይም ክሩ እስከ መጨረሻው ተስቦ ሁለቱ የቀዳዳ መስመሮች ከተነካኩ ጨርቁ አልቋል፤ ሌላ ይገዛ፣ አሮጌውንም ለታናሽ ወንድሙ አይስጠው።